የቅዳሜዋ አራተኛ ተጫዋች

ቤሪል አሽኮም ሞታ የተገኘችው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሄዘርሌይ ዋናው የሣር ሜዳ ዳር፣ በጠጠሩ መተላለፊያ ላይ ነው። በጀርባዋ ተንጋላለች፣ ነጭ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ተስተካክሏል፣ ራኬቷ ከጎኗ ተቀምጧል። የጭንቅላቷን ኋላ ላላየ ሰው፣ ተራዋን ስትጠብቅ እንቅልፍ የጣላት ትመስላለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነበር። እሷ ግን ሃምሳ አንድ ነኝ ትል ነበር፤ እኛም ለጨዋነት ስንል አምነናት ኖረናል።

ሄዘርሌይ ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር ሲመዘግብ የኖረ የቴኒስ ክለብ ነው። ዋንጫውን ስድስት ዓመት በተከታታይ ያነሣችው ማን እንደሆነች፣ ረጅሙ ግጥሚያ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ዝናብ ስንት ቀን እንደበላ፣ በአንድ ውድድር ስንት ሳህን እንጆሪ በክሬም እንደተበላ፣ ሁሉም ወይ በወርቅ ቀለም ሰሌዳ ላይ፣ ወይ በመዝገብ ተጽፏል። ያልተጻፈ ሪከርድ አንድ ብቻ ነው። ሰው የሚገዳደለው ደግሞ በዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናውን ሜዳ ዓመቱን ሙሉ ማንም አይጫወትበትም። ውድድሩ ሰኞ ሊጀመር፣ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ አራት የክለቡ ሴቶች ገብተው ሁለት ለሁለት አንድ ግጥሚያ ይጫወቱበታል፤ ሣሩ ጫማ እንዲለምድ ነው። ሴቶች የተመረጡት እግራቸው ቀላል ነው ተብሎ ነው ይባላል። የአንዳንዶቹን እግር ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ተመልካች የለም፣ ዋንጫ የለም፣ ሲያልቅ አንድ አንድ ስኒ ሻይ ብቻ። ቢሆንም ከአራቱ አንዷ ለመሆን ባሏን የምትሸጥ ሴት በሄዘርሌይ ሞልታለች።

የዚያ ቅዳሜ ሪከርድ ሃያ ሁለት ጊዜ ነው። ባለቤቷ ሙሪየል ካትካርት ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቷ እምቢ ብሏት አቁማ፣ አሁን አራቱን የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆናለች። ቤሪል ሃያ አንድ አድርሳ ነበር። ያን ቀን ብትጫወት ከሙሪየል ጋር እኩል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሙሪየልን ማን ያስታውሳታል?

ሬሳዋን ያገኘችው ፊሊስ ራግ ናት። ፊሊስ ተጠባባቂዋ ነች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ጫማዋን ቀብታ መጥታ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የአራቱን ሹራብ ስትይዝ ኖራለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአራቱ አንዷ እንኳ ጉንፋን አልያዛትም።

ኢንስፔክተር ኤድና ፕራውት ስትደርስ አፏ ውስጥ ከረሜላ ነበር። አጭርና ወፍራም ሴት ናት፤ ከረሜላ ከአፏ አይጠፋም፣ ቴኒስም ተጫውታ አታውቅም። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። መጀመሪያ ያየችው የቤሪልን ጫማ ነው። ጫማው አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያበራል፤ ተረከዙ ላይ ግን በኋላ በኩል ሁለት አረንጓዴ ጭረት አለው። ቀጥላ ደሙን አየች። ቁስሉ ያን ያህል ሆኖ ጠጠሩ ላይ የፈሰሰው አንድ ስኒ አይሞላም። ከዚያ ወደ ሣሩ አየች። ከመረቡ ምሰሶ አጠገብ፣ ከጠጠሩ አንድ ክንድ ገባ ብሎ፣ የትሪ ስፋት ያህል ሣር ረጥቧል። ዝናብ ከጠፋ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ለእኛ አገር ይሄ ራሱ ሪከርድ ነው።

መረቡን የሚወጥረው የብረት ማኑቬላ ምሰሶው ላይ በቦታው ተሰክቷል። ከቁስሉ ጋር ሲለካ ልክክ አለ። ታጥቦ ተወልውሏል፤ የጣት አሻራ የሚባል ነገር አልተገኘበትም።

ረዳቷ ሳጅን ኩምስ ግን ሥራውን ጨርሷል። ሜዳውን ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀው ሲላስ ፖኮክ ነው ገዳዩ ብሏል። ምክንያትም አለው። ቤሪል ኳስ ስታስጀምር ቀኝ እግሯን መሬት ላይ የመጎተት አመል ነበራት፤ በየዓመቱ የኋላውን መስመር እንደ በሬ ታርሰዋለች። ባለፈው ሚያዝያ ሲላስ በሰው ሁሉ ፊት፣ «እትዬ፣ መስመሬን ማረስ ካልተዉ እዚያው ባረሱት ቦይ ውስጥ ነው የምቀብርዎት» ብሏት ነበር።

ኤድና ሲላስን አስጠርታ አነጋገረችው።

«ሣሩ ላይ ውሃ ያፈሰሱት እርስዎ ነዎት?»

«በጨዋታ ቀን ጠዋት? አብጃለሁ እንዴ፣ እትዬ? እርጥብ ሣር ከተረገጠ ይላጣል። አንድ ሰዓት ላይ ሸራውን ሳነሣ እንደ ብስኩት ደርቆ ነበር። መረቡንም ያኔ ነው የወጠርኩት።»

«ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓትስ የት ነበሩ?»

«ጎጆዬ። ቁርሴን እየበላሁ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ድመቷ አለች።»

«ሳጅን፣ ድመቷን ጻፋት» አለች ኤድና። ሳጅን ኩምስ ጻፋት። ቀልድ የማይገባው ሰው ነው።

የሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ፊሊስ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ ቤሪልን ጠጠሩ ላይ አየኋት፣ ምንም ሳልነካ ሮጬ ሰው ጠራሁ አለች። ስትናገር እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ ቀጥ ብላ ነው። ኤድና ዓይኗን ወደ ታች ሰደደች። የፊሊስ ግራ ጫማ እንደ ኖራ ነጭ ነው፤ የቀኙ ጫፍ ግን ቀለሙ ታጥቦ ግራጫ ሸራው ወጥቷል። ፊሊስም ዓይኗን ተከትላ አየች፤ መንገድ ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ረግጬ ነው አለች። ኤድና ከረሜላዋን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ሣሩ ግን ምንም አልሆነም፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ፊሊስ። ትንሽ ቆይታም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጨዋታው ይቀራል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ኤድና ስትወጣ እጇን ታጠበች። ከመታጠቢያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ የቆሰለ እግር የሚዘፈዘፍበት ጨው የሚቀመጥበት ትልቅ ቆርቆሮ አለ። ክዳኑን አነሣችው። ባዶ ነው። ቆርቆሮው ላይ የክለቡ ሰዎች «ስታጋምሱት ለጸሐፊው አሳውቁ» ብለው ጽፈዋል፤ ሄዘርሌይ ውስጥ ጨው እንኳ ያለ ደንብ አያልቅም።

ሙሪየል ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በኮሚቴው ክፍል ብቻዋን ደብዳቤ ስትጽፍ እንደነበር ተናገረች። ምን ዓይነት ደብዳቤ ሲሏት፣ «የእንግዶች» አለችና አፏን ዘጋች።

«ቤሪልን ይጠሏት ነበር?»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነበረች። እንዴት አልጠላትም?»

እሷም ሳትጠየቅ የዘንድሮው የቅዳሜ ጨዋታ መቅረት አለበት አለች። ሌሎቹ ሦስት ተጫዋቾች ተራ በተራ ተጠየቁ፤ ሦስቱም አራት ሰዓት ላይ በደረሰው ባቡር በአንድ ፉርጎ አብረው ነው የመጡት፤ ባቡሩ ውስጥ አንድ ኬክ ለሦስት ሲካፈሉ የተጣሉትን ጠብ ቲኬት ቆራጩ ሳይቀር ያስታውሳል። እነሱ ከነገሩ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ የሳጅኑና የኤድና አለቃ በስልክ ትእዛዝ ሰጠ። ሰኞ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። እስከ እሁድ ስምንት ሰዓት ሌላ ሰው ካልተገኘ ሲላስ ይታሰር። ሲላስ ይህን ሲሰማ ካቴናውን አልፈራም። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም የመክፈቻ ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ የፈራው ሰኞን ነው።

«ሰኞ ጠዋት ሣሬን የሚያጭደው ማነው?» አለ።

ኮሚቴው ደግሞ፣ እንደ ልማዱ፣ ሰው ሞተ ተብሎ ወግ አይቀርም ብሎ ወሰነ። ጨዋታው ወደ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ተዛወረ። ሙሪየል ተቃወመች፤ በድምፅ ተሸነፈች።

እሁድ ጠዋት ፀሐዩ ከረር ብሎ ወጣ። ሲላስ ሸራውን አንሥቶ ሲያበቃ ኤድናን አስጠራት። ትናንት ረጥቦ የነበረው የትሪ ስፋት ያህል ሣር እንደ ገለባ ቢጫ ሆኗል። ሲላስ በጉልበቱ ተንበርክኮ አንድ ዘለላ ነቀለና ምላሱ ላይ አደረገው።

«ጨው» አለ። ከዚያ አለቀሰ። ቤሪል ስትሞት ያልወጣው እንባ ሁሉ ያኔ ወጣ።

ኤድና አላባበለችውም። ወደ ክለቡ በር ሄዳ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ስታይ ቆየች። በየዓመቱ አርብ ማታ የአራቱ ሴቶች ስም እዚያ ይለጠፋል። አራት ስፒሎች ተሰክተዋል፤ ወረቀት ግን የለም። ሲላስን ስለዚህ ብትጠይቀው፣ የኮሚቴ ጉዳይ ከእኔ አፍ አይወጣም፣ እነሱን ይጠይቁ አላት። ሊታሰር ስድስት ሰዓት የቀረው ሰው ነው እንግዲህ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ከሚያፍር ቢሰቀል ይሻለዋል።

ኤድና ሙሪየል ቤት ሄደች። የተባባሉትን ሜዳው ላይ ትሰሙታላችሁ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲወጡ የሙሪየል ዓይን ቀልቶ ነበር፣ የእጅ ቦርሳዋንም ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛው ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ከሜዳው ዳር፣ ጠጠሩ ላይ ተሰበሰቡ። ሲላስ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ሳጅን ኩምስ ካቴናውን ኪሱ ውስጥ ያንሿሿዋል። ሙሪየል ተቀምጣለች። የባቡሩ ሦስት ሴቶች ነጭ ለብሰው ቆመዋል። ፊሊስም ነጭ በነጭ ናት፤ ሁለቱም ጫማዎቿ አዲስ ተቀብተው ዓይን ይወጋሉ፣ ራኬቷን ታቅፋለች። እንዳማረባት መካድ አይቻልም።

ኤድና ከረሜላዋን ውጣ ጨረሰች።

«ቤሪል ጠጠሩ ላይ አልተመታችም» አለች። «የተመታችው ሣሩ ላይ፣ መረቡ አጠገብ ነው። ወድቃ ሳለ ሰው በብብቷ ይዞ ወደ ጠጠሩ ጎተታት፤ ተረከዟ አረንጓዴ የሆነው ለዚህ ነው። ሌባ ወይም መንገደኛ ቢሆን ገድሎ ይሮጣል። ይሄ ሰው ግን ሬሳ ጎተተ፤ ለምን? ሣሩ በደም እንዳይበላሽ። አምስት ሰዓት ላይ እዚህ ሜዳ ላይ ጨዋታ እንዲኖር የፈለገ ሰው ነው።»

ሳጅን ኩምስ ሲላስን በአገጩ ጠቆመ። «እኔስ ምን አልኩ? ለሣሩ ከሱ በላይ ማን ያስባል?»

«ማንም። ለዚህ እኮ ነው እሱ ያልሆነው። ገዳዩ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው አጠበ። እናቶቻችን ከነጭ ልብስ ላይ ደም የሚያስለቅቁት እንደዚያ ነው። ዕድሜ ልኩን ነጭ ልብስ ያጠበ ሰው እጁ ሳያስብ ወደ ጨው ይሄዳል። ሣር ያሳደገ ሰው ግን ልጁ ላይ መርዝ ያፈስሳል እንጂ ሣር ላይ ጨው አያፈስስም። ጨው የነበረው ደግሞ በሴቶቹ ክፍል፣ በእግር መዘፍዘፊያው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ባዶ ሆኗል። ማኑቬላውም ተወልውሏል። አቶ ሲላስ በየቀኑ ነው የሚይዘው፤ አሻራው ቢገኝበት ማን ይገረማል? መወልወል ያስፈለገው አሻራው እዚያ ላይ መገኘት የሌለበት ሰው ነው።»

ሲላስ ኮፍያውን መልሶ ደፋው።

«ሁለት ሴቶች ቀሩ» አለች ኤድና። «ሁለቱም የሴቶቹ ክፍል ቁልፍ አላቸው፣ ሁለቱም ቀንተዋል። ወይዘሮ ሙሪየል ለሪከርዳቸው፣ ወይዘሪት ፊሊስ ለቦታው። በሰሌዳው ላይ የአራቱ ስም ዘንድሮ አልተለጠፈም። ለምን እንደሆነ ወይዘሮ ሙሪየል ይንገሩን።»

ሙሪየል ስትናገር ማንንም አላየችም። አርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ሲላስ ስለ መስመሩ ያቀረበውን አቤቱታ ሰምቶ ቤሪልን ከአራቱ አስወጥቷታል። እጅ ለማውጣት የመጀመሪያዋ ሙሪየል ነበረች። ለመስመሩ ብላ አይደለም፤ ለሃያ ሁለቷ ብላ ነው። ይህን ለፖሊስ መናገር አፈረች። ስሞቹን ሳትለጥፍ የቀረችውም፣ ቦታዋን የምታጣው ሴት ከሰሌዳ ላይ ማንበብ የለባትም፤ መጀመሪያ ለሷ በፊቷ መንገር፣ ከዚያ ለምትተካት መስጠት ነው ደንቡ ብላ ነው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ፣ በሻይ ሰዓት፣ ልትነግራቸው አስባ ነበር።

«እንግዲህ ቤሪል እንደማትጫወት ወይዘሮ ሙሪየል ያውቃሉ፣ አቶ ሲላስም ያውቃል» አለች ኤድና። «የፈለጉትን አግኝተዋል። የወጣችን ሴት ለማስወጣት ማን ይገድላል? ያላወቀች አንዲት ብቻ ናት።» ወደ ፊሊስ ዞረች። «ወይዘሪት ፊሊስ፣ አሥራ አንድ ቀን ዝናብ አልዘነበም። ቅዳሜ ጫማዎን ያጠበው የምን ጉድጓድ ነው?»

ፊሊስ ራኬቷን አጥብቃ ያዘች። የምትክድ መስሏቸው ሁሉም ጠበቁ። እሷ ግን ስትናገር ድምፅዋ የታከተው ሰው ድምፅ ነበር።

«ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ ነበር። ሣሩን ከሁሉ በፊት ለማየት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ቤሪል መረቡን እያጠነከረች ነበር፤ ማኑቬላውን አቀበለችኝ፣ እንደ ሹራብ። እስከ ሠላሳ እጫወታለሁ፣ ከራሴ ጋር ተስማምቻለሁ አለችኝ። ሣቀች። ‹አንቺም እኮ ሪከርድ አለሽ፣ ፊሊስ። ሹራብ በመያዝ የሚስተካከልሽ የለም› አለች። ጀርባዋን ስትሰጠኝ...» ወደ መረቡ አየች። «ሣሩ ላይ ትወድቃለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ከሁሉ ሰው ውስጥ በዚህ ያዘነላት ሲላስ ብቻ ነው። የጨው ነገር ግን ገና አልወጣለትም።

ኤድና ለሙሪየል ራሷን ነቀነቀችላት። ሙሪየል ቦርሳዋን ከፍታ፣ የታሸገ ፖስታ አውጥታ፣ ቆማ ሄዳ ሰጠቻት። ፊሊስ ራኬቷን ብብቷ ሥር አድርጋ ፖስታውን ቀደደችው። የአርብ ቀን ተጽፎበታል።

«ውድ ፊሊስ፤ ነገ አምስት ሰዓት ላይ በቤሪል ቦታ አራተኛ ሆነሽ እንድትጫወቺ ኮሚቴው ወስኗል። ከእንግዲህም ቦታው ያንቺ ነው። ጫማሽን ቅቢ። ሙሪየል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችው።

«በስንት ሰዓት ነው የወሰናችሁት?»

«አሥራ ሁለት ላይ» አለች ሙሪየል። «ልስጥሽ ብዬ እኮ በበርሽ አልፌ ነበር። መብራትሽ በርቶ ነበር። ግን መጀመሪያ ለቤሪል መንገር ነበረብኝ።»

«ጫማዬን እየቀባሁ ነበር» አለች ፊሊስ።

ከባቡሩ ሴቶች አንዷ ሹራቧን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ፊሊስ ግን ከትከሻዋ አንሥታ፣ በደንብ አጥፋ መለሰችላት።

ሳጅን ኩምስ እጇን በካቴና አሠራት። የፖሊሱ መኪና ከሜዳው ማዶ ቆሟል፤ አጭሩ መንገድ በመሐል ነው። ሳጅኑ ክንዷን ይዞ፣ ሚስማር በተመታበት ቡትስ ጫማው ወደ ሣሩ አንድ እግሩን አነሣ። ፊሊስ በታሠረ እጇ እጅጌውን ወደ ኋላ ሳበችው።

«በዚህ ጫማ አይሆንም» አለችው። «በዳር በዳር እንሂድ።»

በዳር በዳር፣ ማዕዘኑን እየዞሩ ሄዱ። ሲላስ መኪናው ጋ እስኪደርሱ በዓይኑ ተከተላቸው፤ አንድ ቅጠል አልረገጡበትም። ከዚያ ቢጫውን ሣር ቆርጦ ሊያወጣ አካፋውን አነሣ። ሰኞ ሊሆን አንድ ማታ ቀርቶታል።